ሥዕል ያለበት መጽሐፍ የልጆች ብቻ ነውን?

(የማኅበሩ ጸሐፊ የግል አስተያየት)



በዚህ ሰሌዳ ላይ እኔን የምታውቁኝ ስለ ወር መዋጮ፣ ስለ ቦይ ጠረጋና በውሰት ሄዶ ስላልተመለሰ ወንበር ስጽፍ ነው። ዛሬ ግን ስለ መጻሕፍት ጥቂት ልበል። ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ስለ ልብ ወለድ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ለማንበብ ዲፕሎማ አይጠየቅም እለዋለሁ። ደግሞም ጉዳዩ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ሁላችንም እጅ የምናወጣበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን ተወልዳ ያደገችና ዛሬ በዋሽንግተን የምትኖር ልጃችን ባለፈው ክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ስትመጣ ለማኅበሩ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ሰጥታን ሄዳለች። ግማሹ የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። የቀረው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሆኖ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በሥዕል የሚተረክ ነው። ኮሚቴው ካርቶኑን ከፍቶ ሲያይ አሳብ ተከፋፈለ። «ይህ የልጅ መጫወቻ ነው፤ ለመዋዕለ ሕፃናት ይሰጥ። ያለችን መደርደሪያ አንዲት ናት» የሚለው ወገን በለጠ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ያንን አሳብ ከደገፉት አንዱም እኔው ነበርኩ። ዛሬ የምጽፈው አሳቤን ስለለወጥኩ ነው። እንዴት እንደለወጥኩ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ከምናውቀው ልነሳ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ክረምት ለሁለተኛ ጊዜ አነበብኩት። በወጣትነቴ ሳነበው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ብቻ ነበር የታየኝ። አሁን ልጅ ካሳደግኩ በኋላ ሳነበው ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት አበሸቀኝ። ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ሲመርጡ ዕድሜዋ አለፈ፤ በመጨረሻ የወደደችው ያስተማራት የደሃ ልጅ ሆነ። ጉዱ ካሳ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን የለም፤ እብድ ነው ይሉታል። መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። ጉዱ ካሳ አንዴ ንግግር ከጀመረ እንደ እኛ ስብሰባ ነው፣ ቶሎ አያልቅም። ቢሆንም ስለ ሰው ክብር ሲናገር የሰፈራችንን ሰው ሁሉ ሰብስቤ ባሰማው ብዬ ተመኘሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከእኛ መካከል «ፍቅር እስከ መቃብርን አውቀዋለሁ» የሚለው ሰው ሁሉ በዓይኑ አንብቦት ነውን? አይደለም። ብዙው ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ስለ ሰብለ ወንጌል አልቅሰዋል። ታዲያ እነርሱን «መጽሐፉን አታውቁትም» የሚላቸው ማነው? አንድ ታሪክ በጆሮ ገብቶ ልብ ከደረሰ፣ በሥዕል ገብቶ የማይደርስበት ምክንያት ምንድነው?

ሁለተኛው ያነበብኩት በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ታሪኩ በ1974 በኤርትራ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲሆን ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባለው ጋዜጠኛ ይተርከዋል። መጽሐፉ እንደ ውኃ ይወርዳል፤ ማታ ጀምሬው መብራት እስኪጠፋ ድረስ አላስቀመጥኩትም። ሰው ሁሉ ስለ ፊያሜታ ውበት ያወራል። እኔ ግን ያዘንኩት አዲስ አበባ ተቀምጣ ለምትጠብቀው እጮኛው ለሮማን ነው። ደራሲው ለእርሷ ጥቂት ገጽ ቢጨምርላት ምን ነበረበት? መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ከወጣበት አለመመለሱን ታውቃላችሁ። «ኦሮማይ» ማለት ከጣልያንኛ የመጣ የአስመራ አነጋገር ሲሆን «አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም» እንደማለት ነው። መጽሐፉን ከድኜ ይህንን ቃል ብቻ ሳስብ ቆየሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሥዕሎቹ የዞርኩት። ወደድኳቸው ማለት አይደለም፤ ለመዋዕለ ሕፃናት ከመላካቸው በፊት በመዝገብ ላስፈርማቸው ወደ ቤት ወስጃቸው ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ያለችው ልጄ አንዱን አንሥታ ማንበብ ጀመረች። አላስቀምጠው ስትል «እስቲ ለእኛም ንገሪን» አልኳት። ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ቡና እያፈላች፣ ልጄ ሥዕሉን እያሳየችን ጽሑፉን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልን።

መጽሐፉ «ፐርሴፖሊስ» ይባላል። የደረሰችውም የሣለችውም ማርጃን ሳትራፒ የምትባል የኢራን ተወላጅ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2000 እስከ 2003 ባለው ጊዜ ፓሪስ ውስጥ በአራት ክፍል ታትሟል። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ቀለም የለውም። ታሪኩ በ1979 የኢራን አብዮት ሲፈነዳ ገና ሕፃን ስለነበረች አንዲት ልጅ፣ ይኸውም ስለራሷ ነው። ንጉሡ ሲወርዱ ሰው ይደሰታል፤ ጥቂት ቆይቶ እስር ቤቱ እንደገና ይሞላል። ከዚያ ከኢራቅ ጋር ጦርነት ይመጣል። የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ የሌላ አገር ታሪክ ነው የሚሉ አይመስለኝም።

በዚያ ቤት ውስጥ መሕሪ የምትባል ሠራተኛ አለች። የጎረቤት ልጅ ትወዳለች፤ መጻፍ ስለማትችል ደብዳቤውን የምትጽፍላት ትንሿ ማርጃን ናት። ልጁ ሠራተኛ መሆኗን ሲያውቅ ተዋት። እኔ ወዲያው ትዝ ያለኝ በዛብህ ነው። ከጎጃም እስከ ቴህራን ፍቅርን የሚያቆመው አጥር አንድ ዓይነት መሆኑ አይገርምም? እኛስ በየቤታችን ያሉትን ሠራተኞች በምን ዓይን ነው የምናያቸው?

ሌላው የአጎቷ ነገር ነው። አጎቷ አኑሽ በንጉሡ ዘመን ብዙ ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው ነው። እስር ቤት ሳለ ከዳቦ የሠራውን ትንሽ የወፍ ቅርጽ ለልጅቷ ይሰጣታል። ከአብዮቱ በኋላ እንደገና ታሠረ። ከመገደሉ በፊት አንድ ሰው ብቻ እንዲጠይቀው ሲፈቀድለት እርሷን መረጠ። ልጄ እዚህ ገጽ ላይ ስትደርስ እናቴ ጀበናውን አስቀመጠች። ሥዕሉን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «እኛም እኮ ለታናሽ ወንድሜ ስንቅ እናመላልስ ነበር። በ70 ነው። አንድ ቀን ምግቡን ሳይከፍቱ መለሱልን። ከዚያ ወዲያ አልሄድንም።»

አጎት እንደነበረኝ አውቃለሁ። «በልጅነቱ ሞተ» ከመባል በቀር ግን ምንም ተነግሮኝ አያውቅም። እናቴ ከአርባ ዓመት በላይ የያዘችውን በዚያ ከሰዓት ነገረችን፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ የትኛውን ሸሚዝ ለብሶ እንደወጣ፣ አያቴ ሳህኑን አጥባ የት እንዳስቀመጠችው። ቡናው ቀዘቀዘ። ማታውን የነገረችንን በደብተር ጻፍኩት።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ገጽ አለ። ሚሳይል የጎረቤት ቤት ያፈርሳል፤ ልጅቷ ከፍርስራሹ ሥር የጓደኛዋን አምባር ታያለች። የመጨረሻው ሥዕል ጥቁር ሳጥን ብቻ ነው፤ ሰውም ዛፍም የለበትም። ሁላችንም ዝም አልን። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ቀላል ነው የሚል ካለ ይህን ገጽ መጥቶ ይይልኝ።

ሦስተኛው «ማውስ» ነው፤ በጀርመንኛ አይጥ ማለት ነው። አርት ስፒገልማን የሚባል አሜሪካዊ በ1986 እና በ1991 በሁለት ክፍል አሳትሞት በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አግኝቶበታል። አይሁዶቹ አይጦች፣ ናዚዎቹ ድመቶች ሆነው ተሥለዋል። መጀመሪያ ተረት መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከአውሽቪትዝ ሞት ያመለጠ አባት ለልጁ የነገረው እውነተኛ ታሪክ ነው። አባትየው ደግሞ ቅዱስ ሆኖ አልተሣለም፤ ንፉግና ነዝናዛ ሽማግሌ ነው። ልጁ ይህን ሳይደብቅ መጻፉ መጀመሪያ ደስ አላለኝም፤ የአባት ገመና አይወጣም ብዬ ነው። በኋላ ግን ሰውየውን ያመንኩት ለዚሁ ነው።

ከሁሉ የቆጨኝ የእናትየው ደብተር ነው። የደረሰባትን ሁሉ ጽፋ ነበር፤ ከሞተች በኋላ ባልዋ በኀዘን አቃጠለው። ልጁ ይህን ሲሰማ አባቱን ነፍሰ ገዳይ ብሎ ይሰድበዋል። እኔም ይህን እንዳነበብኩ ተነሥቼ የእናቴን ነገር የጻፍኩበትን ደብተር ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። በኮሚቴው ሥዕል የነጮች ፈሊጥ ነው ተብሎ ነበር። ሠዓሊዎቻችን የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሳጥን ከፋፍለው፣ ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ እያስገቡ ሲሥሉ የኖሩት ከማን ተምረው ነው? ልጆቹ በሥዕል ከለመዱ ፊደል አያነቡም የሚለው ስጋት ግን ከንቱ ነው አልልም። የእኔም ትንሹ ልጅ ሥዕሉን ብቻ እያገላበጠ ጨረስኩ ይላል። መፍትሔው አብሮ ማንበብ ነው። ሥዕሎቹ አንዳንዶቹ ለሕፃን የማይሆኑ መሆናቸውም እውነት ነው። ግርፋት አለ፣ ሬሳ አለ። እንግዲህ ይህ ራሱ ለመዋዕለ ሕፃናት ይሰጥ ያልነው ስሕተት መሆኑን ያሳያል።

ስለሆነም ለጠቅላላው ስብሰባ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ. የሥዕል መጻሕፍቱ ከአማርኛው ልብ ወለድ ጎን በማኅበሩ መደርደሪያ ይቀመጡ።

2ኛ. ለአዋቂ የሆኑት በላይኛው እርከን ሆነው ለወጣትና ለአዋቂ ብቻ በፊርማ ይሰጡ።

3ኛ. እንግሊዝኛ የሚችሉ ተማሪዎቻችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ለእናቶችና ለአባቶች እየተረጎሙ ያንብቡ። ቡናውን እኔ እችላለሁ።

4ኛ. በንባቡ ላይ ትዝታቸውን የሚናገሩ አዛውንት ፈቃዳቸው ከሆነ አንድ ልጅ በደብተር ይጻፍላቸው።

መደርደሪያ ጠበበ ለተባለው፣ ሁለት ሣንቃና አራት ሚስማር በቂ ነው፤ አናጢ አባሎቻችን አያሳፍሩንም። ከዚህ አሳብ የሚቃወም ካለ ደስ ይለኛል፤ ግን እባካችሁ፣ ከመቃወማችሁ በፊት አንዱን ወስዳችሁ አንብቡ። እኔ ሳላነብ ነው ድምፅ የሰጠሁት፤ ባፍርም ተምሬበታለሁ። እናንተ ደግሞ ከእኔ ስሕተት ተማሩ።

በመጨረሻም «ፍቅር እስከ መቃብርን» ከመደርደሪያው ያለ ፊርማ የወሰዳችሁ ሰው፣ ማንነታችሁን አልጠይቅም፤ ጨርሳችሁት ከሆነ መልሱልን፣ ወረፋ የሚጠብቁ አሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ጸሐፊ