ስለ ሕዝበ ውሳኔና ስለ ሹማምንት ተግባር

ሕዝብ በድምፁ መፍረዱ መልካም መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ድምፅ ሰጪው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ካልተለየ፥ የተቈጠረው ወረቀት ለጠብ እንጂ ለዕርቅ አይሆንም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ48ኛው አንቀጽ፥ ክልሎች በወሰን ሳይስማሙ ቢቀሩ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መርምሮ እንዲወስን ያዝዛል። የፌዴራል መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የወልቃይትንና የራያን ነገር በሕዝበ ውሳኔ ለመጨረስ ማሰቡን በገለጸ ጊዜ፥ የአማራ ወገን ከ1983 ዓ.ም. በፊት የነበረው አስተዳደር ይታሰብ አለ፤ የትግራይ ወገን ደግሞ ከጦርነቱ በፊት የነበረው ወሰን ይመለስ አለ። አላማጣና ኮረም ቀድሞ በወሎ ሥር ስለ ነበሩ፥ ክርክሩ ለመካነ ሰላም ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም።

የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ በዘገየ ጊዜ፥ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ቀኑ ተቈርጦ ደንቡ ከታወቀ በኋላ ግን ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፁ በሰላም ተሰጠ።

ስለዚህ ሹማምንት ሕዝቡን ለፉክክር ከመቀስቀስ ይልቅ፥ የተፈናቀለው ወደ ቤቱ እንዲመለስ፥ ቀድሞ የተሰደደውም እንዳይዘነጋ፥ የመራጩም መዝገብ በሁለቱ ወገኖች ፊት እንዲጻፍ ሊተጉ ይገባል። ውጤቱም ሳይታወቅ ፍርዱን ለመቀበል ቃል ይግቡ። ካህናቱም ይህን ቃል በሕዝቡ ፊት ቢያጸኑት፥ የተሸነፈው ወገን ጎረቤት ሆኖ ይኖራል እንጂ ጠላት ሆኖ አይቀርም።