መስታወት የለበሰችው ከተማና የመጋረጃው ወጪ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ቦሌ መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያንጋጠጠ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም፡፡ ብርሃን እንዲገባ ተብሎ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰው ሕንፃ፣ ፀሐይ በዞረችበት በኩል መጋረጃው በሙሉ ተዘግቷል፡፡ ካርቶን የተለጠፈበት መስኮትም አይጠፋም፡፡ ውስጥ ደግሞ መብራት በርቷል፡፡

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ አየሯ ለኑሮ የሚመች ከተማ ናት፡፡ እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ኤር ኮንዲሽነር የግድ የሚሆነው አየሩ ሞቃት ሆኖ ሳይሆን ሕንፃው ራሱ ሙቀት ስለሚያጠምድ ነው፡፡

ነገሩ ውስብስብ አይደለም፡፡ ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኗ ፀሐይ ቀትር ላይ ከአናት ብዙም አትርቅም፡፡ በመሆኑም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት ከላዩ ትንሽ ወጣ ያለ ክዳን ቢኖረው አብዛኛውን የቀትር ፀሐይ ይከላከላል፡፡ ችግሩ ያለው በምሥራቅና በምዕራብ ነው፡፡ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትመጣውን ፀሐይ የሚመክተው ከውጭ በቁም የተተከለ መከለያ ነው፡፡ ከውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ዓይንን ከማንፀባረቅ ያድናል፤ ጨረሩ ግን መስታወቱን አልፎ ገብቷልና ሙቀቱን በአብዛኛው አይመልሰውም፡፡

መስታወት በራሱ ጠላት ነው ለማለት አይደለም፡፡ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ዝናው ከአፈወርቅ ተክሌ ባለ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ጋር የተያያዘ ነው፡፡

ሌላው የስብሰባ አዳራሹ ጉዳይ ነው፡፡ ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በቪዲዮ መሰብሰብ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆኗል፡፡ በመስታወት ግድግዳና በሴራሚክ ወለል መካከል ግን ድምፅ ስለሚያስተጋባ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ግማሹን አይሰማም፡፡ የፕሮጀክተሩም ምስል በብርሃን ይደበዝዛል፡፡ ብዙው መሥሪያ ቤት መፍትሔ የሚያደርገው ውድ ስክሪንና ማይክሮፎን መጨመርን ነው፤ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ግን ድምፁን በርካሽ ያለዝቡት ነበር፡፡

መስታወቱም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ስክሪኑም በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው፡፡ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፡፡ የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል፡፡

ዋናው ጥያቄ ይህን ወጪ የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው፡፡ መስታወቱን የሚመርጠው ባለሕንፃው ሲሆን፣ መጋረጃ የሚገዛውና የመብራት ሒሳብ የሚከፍለው በአብዛኛው ተከራዩ ነው፡፡ ባለሕንፃው የውጭ መከለያ ቢተክል ጥቅሙ ወደ ሌላ ኪስ ስለሚገባ አይተክልም፡፡ በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህን ሊያስተካክል የሚችለው የግንባታ ፈቃድ ሰጪው አካል ነው፡፡ የሕንፃው ፊት ወዴት እንደሚዞርና ፀሐዩ በምን እንደሚከለል በዲዛይኑ ላይ እንዲታይ ማስገደድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ፊታቸውን ያደሱ ሕንፃዎች ከቀለምና ከመብራት ጋር ይህንንም አብረው መሥራት ይችሉ ነበር፡፡

እስከዚያው ቢሮ የሚከራይ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ክፍሉን ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ መጋረጃውን ገልጦ ቢያየው ይሻለዋል፡፡