ሳጥኑ ገና ጤነኛ ነው

ለቅቤና ለበርበሬ ሾላ ገበያ የወጣ ሰው አሮጌ ስፒከር ተሸክሞ ሊመለስ ይችላል። ይህን እትም ያዘጋጀነው ለእሱ ነው።

ብዙ ጊዜ የእንጨት ሳጥኑ ደህና ነው። ቀድሞ የሚያረጀው የዎፈሩን (የወፍራም ድምፅ ማውጫውን) ወረቀት ዙሪያውን የሚይዘው ስፖንጅ ነው፤ በጣት ሲነኩት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። እሱን መቀየር በሙጫና በትዕግሥት የሚያልቅ ሥራ ነው። ከውስጥ ደግሞ ካፓሲተሩ ይደርቃል። ወፍራሙን ድምፅ አግዶ ቀጭኑን ብቻ ለቱዊተሩ የሚያሳልፈው እሱ ስለሆነ፣ ሲደክም የጸናጽሉ ጥራት ይደበዝዛል። ሲተካ መጠኑ ያው፣ ዓይነቱም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የማይለይ መሆን አለበት።

አጥብቄ የምቃወመው አንድ ነገር አለ፦ የቤቱን ዎፈር አውጥቶ የመኪና ስፒከር መግጠም። የመኪናው በአብዛኛው 4 ኦም፣ የድሮው የቤት ስፒከር ብዙውን ጊዜ 8 ኦም ነው። ለ8 ኦም የተሠራ አምፕሊፋየር በ4 ኦም ሲሠራ ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል፤ ሊቃጠልም ይችላል።

ይህ ሁሉ ድካም ለሙዚቃችን ሲባል ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ውስጥ ያለው የሳክስፎን ትንፋሽና የቤዝ ጊታር ጉልበት በስልክ ስፒከር አይወጣም። ማህሙድ አህመድንና ሙላቱ አስታጥቄን በደንብ በታደሰ ስፒከር ያልሰማ አንባቢ ብዙ ቀርቶበታል ብዬ አምናለሁ።

የስፖንጅ አቀያየሩን በውስጥ ገጾች በፎቶ አስደግፈን አቅርበናል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ግን የትኛው ሽቦ የት እንደተበየደ ፎቶ አንሱ።