እንባ ዓይን አያጠፋም

«በቃሽ አታልቅሺ፣ ዓይንሽ ይጠፋል!» ይህን ያልሰማ ሐዘንተኛ ያለ አይመስለኝም። ሮቤ ሂዱ ጎባ፣ ሲናና ግቡ ዲንሾ፣ ድንኳን በተጣለበት ሁሉ ሐዘንተኛዋን ከብበው የተቀመጡ እናቶች መጀመሪያ «እግዜር ያጥናሽ»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ይኸው የዓይን ነገር ነው። ከፍቅር የመጣ ምክር ስለሆነ የሚቀየም የለም። እኔ ግን አንድ ነገር ልበል፤ እንባ ዓይን አያጠፋም። ዓይን የሚያጠፋው ካለቀስን በኋላ ዓይናችን ውስጥ የምንጨምረው ነገርና «የለቅሶ ነው» ብለን የምናልፈው በሽታ ነው።

ያለቀሰ ዓይን ለምን እንደሚያብጥ እንይ። እንባ የሚመነጨው ከዓይን በላይ በጆሮ በኩል ካለች ትንሽ ዕጢ ነው። በደህናው ቀን ጥቂት ጥቂት ታመነጭና በዓይን ጥግ ባለች ቀዳዳ አልፎ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስናለቅስ ንፍጥ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። ሐዘን ሲመጣ ግን እንባው ከመውረጃው በላይ ይሆናል። የዓይን ቆብ ቆዳ ደግሞ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ ስስ በመሆኑ ፈሳሽ ቶሎ ይቋጥራል። የደም ሥሮቹም ይሰፋሉ፤ ዓይን ይቀላል። በዚህ ላይ በነጠላ ጫፍ እየፈተጉ ማበስና ተደፍቶ ማደር ሲጨመርበት ጠዋት ዓይን አልገለጥ ይላል። ይህ በሽታ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ፣ ቢከፋም በማግስቱ ይለቃል።

መፍትሔው ቅዝቃዜ ነው። በዚህ በኩል ባሌ የታደለ አገር ነው። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያለው የሳነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትር ይደርሳል። ታዲያ እዚህ ማቀዝቀዣ ፍለጋ ምን ያደርጋል? ፈልቶ፣ ተከድኖ ያደረ ውኃ ጠዋት እንደ በረዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ በውኃው ነክሮ፣ ጨመቅ አድርጎ፣ በተጨፈነ ዓይን ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ማሳረፍ ነው። ሲተኙ ትራስን ከፍ ማድረግ፣ ዓይንን አለመፈተግ፣ በቃ። በስልክ የምናየው የኪያር ቁራጭም ሆነ የቀዘቀዘ የሻይ ከረጢት ጥቅሙ በዋናነት ቅዝቃዜው ነው።

ችግሩ እኛ በዚህ አንረካም። አንዷ ዳማከሴ ጨምቃ ትመጣለች፣ ሌላዋ የአራስ ጡት ወተት ይንጠብላት ትላለች። ቅጠሉም ወተቱም ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ብሌን ላይ ቁስል ከተፈጠረ ደግሞ ጠባሳው ዕድሜ ልክ ይቀራል። ከተሜው በበኩሉ መድኃኒት ቤት ገብቶ «ዓይን የሚያነጣ ጠብታ ስጠኝ» ይላል። ቅላቱን ለጊዜው የሚያጠፉት ጠብታዎች ሲደጋገሙ መልሰው ያቀላሉ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታማ የባሰ ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ግላኮማና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ለአንድ ቀን ዕብጠት ተብሎ ዓይንን መክፈል ምን የሚሉት ንግድ ነው?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሮቤ የማውቃት አንዲት እናት ባሏን ከቀበረች በኋላ ለወራት ዓይኗ ይቀላል፣ ያነባል። ሰፈርተኛው «ምን ታድርግ፣ ሐዘኑ አልወጣላት ብሎ ነው» እያለ ያዝንላታል። እሷም አመነች። በመጨረሻ ልጇ ጎትቶ ሲያስመረምራት ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን እየፋቀው ኖሯል። ትራኮማ ነው፤ እኛ የዓይን ማዝ የምንለው። እንባው የሐዘን አልነበረም።

ይህ የአንዲት ሴት ዕጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአገራችን የዓይነ ስውርነት ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 40 በመቶ በሚሆኑት ላይ ንቁ ትራኮማ አግኝቶ ነበር። ለዓይነ ስውርነት ከዳረጉት ምክንያቶች መካከልም የትራኮማ ጠባሳ 11.5 በመቶውን ድርሻ ይዟል። ከዚያ ወዲህ ብዙ መድኃኒት ታድሏል፣ ብዙ ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ተስተካክሏል፤ በሽታው ግን ገና አልወጣልንም። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት ሴቶች በትራኮማ የሚታወሩት ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ በሚደርስ መጠን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሽታው ከሕፃናት ዓይንና አፍንጫ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ ሕፃን የሚያጥበውና የሚያቅፈው ማን ነው? የጭስ ቤት ውስጥ ቆማ የምታነባውም እሷ፣ ለቅሶ ቤት ግንባር ቀደሟም እሷ። ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ስለሆነ ማንም ልብ አይልላትም።

ስለዚህ መለያው ይታወቅ። የለቅሶ ቅላት ሁለቱንም ዓይን ይይዛል፣ አያምም፣ ቶሎ ይለቃል። ሁለት ሦስት ቀን ካለፈው፣ ካመመ፣ ብርሃን ካስፈራ፣ ዓይናር ከበዛ፣ እይታ ካደበዘዘ ወይም እንደ አሸዋ ከቆረቆረ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የታጠፈ ሽፋሽፍት በአጭር ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ የጠፋ ብሌን ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ለእድሮቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ድንኳኑ አላችሁ፣ ወንበሩ አላችሁ፣ ድስቱና ብርጭቆው አላችሁ። በዚያ ላይ ቧንቧ ያለው የውኃ ጀሪካን፣ ሳሙናና ጥቂት እሽግ ሶፍት ጨምሩ። አንድ ነጠላ የሦስት ሰው ዓይን አያብስ። ዓይኗ ያልቀላ ሐዘንተኛ ስናይም «አላለቀሰችም» ብለን አንማት፤ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ የታጠበች ሴት ሟቿን አልረሳችም። ማልቀስ የፈለገ ይልቀስ፣ ይውጣለት። እኛ ውኃውን እንያዝለት።