የተመረዘው ወንዝ ከካሳው ሒሳብ ለምን ቀረ?

የካቲት 12 በደረሰ ቁጥር በዋሽንግተንም ሆነ በሮም፣ በለንደንም ሆነ በስቶክሆልም በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽና በየማኅበሩ ቤት እንሰበሰባለን። የሕሊና ጸሎት ይደረጋል፤ የአዲስ አበባው ጭፍጨፋ ይወሳል፤ ጣሊያን በጥይት የገደላቸው አቡነ ጴጥሮስ ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጣሊያን ውስጥ በአፊሌ ከተማ በጭፍጨፋው ጊዜ የጣሊያን ገዥ ለነበረው ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲቆም ደግሞ ጮኸናል፤ ደግ አደረግን። ነገር ግን በጠላት ጊዜ ከወረደብን መከራ አንዱ ከመድረኩ እምብዛም አይሰማም። ጣሊያን ወንዛችንን፣ ግጦሻችንንና ከብታችንን ሆን ብሎ መርዟል።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜ ሸለቆ ላይ ሳለ አውሮፕላኖች መጥተው እንግዳ በርሜል ጣሉ። በርሜሉ መሬት ወይም ውኃ ሲነካ እየፈረሰ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ተረጨ። ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ውኃ ቋጠረ። ራስ እምሩ አዛዦቻቸው ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቋቸው መልስ እንዳጡ ኋላ ተናግረዋል። በጥይት የሚመለስ ጠላት አልነበረማ።

ኢፕሪት የተባለው ይህ መርዝ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ቅጠል ላይ፣ ሣር ላይ፣ በእግር መንገድ ድንጋይ ላይ ጠብ ብሎ ይቀመጣል። በደጋው ብርድ ቶሎ አይተንም፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። ክፋቱ ወዲያው አለማቃጠሉ ነው። በባዶ እግሩ የረገጠው ገበሬ ምንም ሳይሰማው መንገዱን ይቀጥላል፤ ከሰዓታት በኋላ እግሩ ይቀላል፣ ይቋጥራል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ዓይኑ አብጦ ይዘጋል። እረኛውም ጠዋት መንጋውን ሲያሰማራ የሚያስጠነቅቀው ነገር አልነበረም። በቅሎና በሬ ደግሞ ሣሩን በአፋቸው ነው የሚግጡት፤ ከምላሳቸው እስከ ሆድ ዕቃቸው ነው የሚያቃጥላቸው።

ሲ 500 ቲ የሚባለው የጣሊያን ቦምብ ከ200 ኪሎ በላይ ኢፕሪት ይይዝ ነበር። መሬት ሳይደርስ፣ 250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፈንድቶ ፈሳሹን እንደ ካፊያ ይበትነው ነበር። ይህ የአንድ የተቆጣ አብራሪ ሥራ አይደለም። መልካውን፣ ጅረቱን፣ የበቅሎ መንገዱን፣ መስኩን መዝጋት ስለተፈለገ ነው። ስንቁን በበቅሎ የሚጭን፣ ከወንዝ የሚጠጣ ሠራዊት እነዚህን ካጣ አለቀለት። ሠራዊቱ ሲያልፍ ግን ወንዙ የባላገሩ ነው። የመርዙን ዕዳ የተቀበለው እሱ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ይህንኑ በግልጽ ተናገሩ። አውሮፕላኖች ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት እየሆኑ እየተከታተሉ መርዙን እንደ ጉም ያወርዱት እንደነበር፣ ወታደሩም፣ ሴቱም፣ ሕፃኑም፣ ከብቱም፣ ወንዙም፣ ሐይቁም፣ ግጦሹም እንደተረጨ ዘረዘሩ። ልብ በሉ፦ ከሰው ጋር ወንዝና ግጦሽ አብረው ተቆጥረዋል። የዛሬ የየካቲት 12 ንግግሮቻችን ይህንን ዝርዝር ያሳጠሩት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ከማይጨው ጦርነት የተመለሰውም ጦር አሸንጌ ሐይቅ ዳር ሲደርስ ከሰማይ ያው መርዝ ጠበቀው። አሸንጌ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ውኃ የጠማው ሰውና ከብት ደግሞ የሚሄደው ወደዚያው ነበር።

አዲስ አበባ ከተያዘችም በኋላ አልቆመም። ሙሶሊኒ በሰኔ 1936 እ.ኤ.አ. አርበኞችን በመርዝ ጋዝ ለመጨረስ ፈቃድ ሰጥቷል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚገኘው ዋሻ ውስጥ ከአርበኞች ጋር የተጠለሉ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት በመርዝ ጋዝ ተጠቅተዋል። ያን ጊዜ ጦርነቱ አልቋል፣ አገሩ ሰላም ሆኗል ይባል ነበር።

ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ካሳ ስትጠይቅ ባቀረበችው ሰነድ ላይ ሚሊዮኖች የቀንድ ከብት፣ 7 ሚሊዮን በግና ፍየል፣ 1 ሚሊዮን ፈረስና በቅሎ፣ 700 ሺህ ግመል ተዘርዝሯል። ሁሉም በመርዝ አላለቀም፤ ብዙው ታርዷል፣ ተወርሷል። በሬ የሌለው ገበሬ ግን እንዴት እንዳለቀበት አይለይም፤ አያርስም። እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። ካሳው እ.ኤ.አ. በ1960 በተመረቀው የቆቃ ግድብ ላይ ዋለ። ግድቡን አልነቅፍም፤ ለከተማና ለፋብሪካ መብራት ሰጥቷል። ተከዜ ዳር በሬዎቹ ያለቁበት ገበሬ ግን ከዚያ መብራት ምን ደረሰው?

ጣሊያን ነገሩን በይፋ ለማመን 60 ዓመት ፈጀባት። አንጀሎ ዴል ቦካ የተባሉት ጣሊያናዊ የታሪክ ጸሐፊ ሰነድ እያወጡ፣ በገዛ አገራቸው ሰው እየተሰደቡ ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የመከላከያ ሚኒስትሩ ኮርቾኔ ለምክር ቤቱ አመኑ። እኛ ያላደረግነውን አንድ ጣሊያናዊ አደረገልን ማለት ነው፤ ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

በኛም በኩል ማጋነን አያስፈልግም። አንዳንድ ወገኖቻችን አፈሩ እስከ ዛሬ ተመርዟል ሲሉ እሰማለሁ። ኢፕሪት ከውኃና ከፀሐይ ጋር እየዋለ ሲያድር ይፈርሳል፤ ሳይመረመር እንዲህ ማለት ከሳሽን እንጂ ተከሳሽን አይጎዳም። እውነቱ በቂ ነው፦ መንጋው አልቋል፣ መሬቱ ጦም አድሯል፣ ቤተሰብ ተሰዷል።

ሮምና ሚላኖ ያላችሁ፣ ቋንቋውን ታውቃላችሁ፤ የጦር መዛግብቱም ያሉት እዚያው ነው። በየትኛው ቀን በየትኛው መልካ ላይ ምን እንደተጣለ ከየመዝገቡ ተለቅሞ በእኛ የቦታ ስም በካርታ ላይ ይውጣ። ለአፊሌ የወጣው ድምፅ ለዚህም ይውጣ። የቀራችሁ፣ ከራያ፣ ከላስታ፣ ከተምቤን፣ ከመንዝ የመጣችሁ ደግሞ፣ የዚያን ዘመን ሕፃናት ዛሬ ከዘጠና በላይ ሆኗቸዋል፤ ጥቂት ናቸው የቀሩት። ለፋሲካ ቤት ስትደውሉ የትኛው ምንጭ አይጠጣም ይባል እንደነበር፣ የማን ከብት በየትኛው መስክ እንዳለቀ ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም በስልካችሁ ቅዱ።