ዓሣ አጥማጁን «ተላመድ» ከማለታችን በፊት

እኔ የውርጌሳ ልጅ ነኝ። ውርጌሳ ባሕር የላትም፤ አገሬም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የላትም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር በር ጉዳይ የየመድረኩ መነጋገሪያ ሆኗል። ሙግቱ ተገቢ ነው፤ አልቃወመውም። የሚያሳዝነኝ ግን ስለ ቀይ ባሕር እስከ እኩለ ሌሊት የምንሟገት ሰዎች፣ ከውርጌሳ ወደ ደሴ ስንጓዝ ከውጫሌ ወዲያ አጠገቡ የምናልፈው ሎጎ ሐይቅ ላይ ታንኳ የሚቀዝፈውን ወገናችንን አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሳታችን ነው።

ስለዚህ ሰው ስንጠየቅ የተዘጋጀ መልስ አለን፦ «የአየር ንብረት ለውጡን እየተላመደ ነው።» እንዴት አድርጎ? ዓሣው ሲጠፋበት ርቆ ይቀዝፋል፤ ርቆም ሲያጣው የመረቡን ዓይን ያጠባል፤ ያም ሲከዳው መረቡን ሰቅሎ የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ይህን «መላመድ» ብሎ መጥራት፣ ዘሩን ቀቅሎ የበላን ገበሬ ረሃብን ተላመደ እንደ ማለት ነው።

ሎጎ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የሚሞላው ዝናብና ጎርፍ፣ የሚያጎድለው በዋነኛነት ትነት ነው። ሙቀት በጨመረ፣ በልግ በከዳ፣ ገባር ውኃ ለመስኖ በተጠለፈ ቁጥር ጉድለቱ መጀመሪያ የሚታየው በዳርቻው ነው። ቆሮሶ ደግሞ የሚራባው ጥልቀት በሌለው በዚያው ዳርቻ ነው፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ዳርቻው ሲታረስና ጠባቡ መረብ ያልደረሰውን ሲለቅም፣ የነገው ዓሣ ዛሬ ተበላ ማለት ነው። ቆሮሶ የሐይቁ የጥንት ነዋሪ አልነበረም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ የተጨመረ ነው። በሰው እጅ የገባ ሀብት በሰው እጅ ሊጠፋም ይችላል።

የአየር ንብረት ለውጥ የፈረንጅ ተረት ነው አላልኩም። እንዲያ የሚል ካለ፣ በ2008ቱ ድርቅ ከአስር ሚሊዮን በላይ ወገናችን የምግብ እርዳታ ጠባቂ መሆኑን ያስታውስ። እኔ የምቃወመው ለውጡ የሹማምንት መሸሸጊያ ሲሆን ነው። ሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ጥፋተኛው ሰማይ ብቻ ነበርን? ለከተማ ውኃና ለጫት ማሳ ያለ ልክ የሳበው ፓምፕ፣ ከተራቆተው ተራራ የወረደው ደለልስ? በቅርብ ዓመታት ውኃው በከፊል መመለሱ ትምህርቱን አያስረሳንም። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጣናን የወረረው እምቦጭስ ከማሳና ከከተማ በሚታጠበው ቆሻሻችን አይደለምን የሚወፍረው?

በዚያው በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አራት ምሰሶዎች አሉት፦ የሰብልና የእንስሳት እርባታ፣ ደን፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ እንዲሁም ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪና ሕንፃ። ዓሣ አጥማጁ በአንዱም ላይ ስሙ አልተጠራም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁንና ሕግ በወረቀት ስለተጻፈ ብቻ ዓሣ አይራባም።

እኔ የምለው አጭር ነው። በመራቢያው ወቅት «አታጥምድ» የሚል መንግሥት፣ በዚያው ወቅት የአጥማጁ ልጆች ምን እንደሚበሉ አብሮ ይመልስ። የአጥማጁን መረብ የሚለካ ሹም የባለፓምፑንም ቱቦ ይለካ። የዳርቻው መሬት ለማን ይሰጥ ተብሎ ሲመከር አጥማጁ በጉባኤው ይቀመጥ፤ ድምፁም ይቆጠር። ይህ ሁሉ ሲሆን ብቻ ነው «ተላመድ» ለማለት አፍ የሚኖረን።

አበው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላሉ። እኛ ግን ዛሬም ጭራውን እያጠብን ነው።

ልቦናውን ይስጠን!