አሮጌ የጭነት መኪና በቤት ስለ ማደስ

በብዙ ሰዎች ግቢ፥ ከጓሮው ወይም ከመኪና ቤቱ ጥግ፥ አንድ የማይንቀሳቀስ አሮጌ መኪና ቆሞ ይገኛል። የቤቱ ጌታ «ዛሬ ነገ አሠራዋለኹ» እያለ ዓመቱን ይገፋል፤ እመቤቲቱም ዶሮዎች ዕንቍላል የሚጥሉበትን ይህን ብረት ባየች ቍጥር ታዝናለች። በኛም ቤት እንዲኹ ነበረ። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን የሌላውን ሰው ቤት ሳንነቅፍ በገዛ ቤታችን የኾነውን ለአንባቢዎቻችን ልንነግር አሰብን። ካጠፋነው ጥፋት ተምሮ የሚጠቀም ሰው ቢገኝ ደስታችን ነው።

መኪናው አባታችን በ1958 ዓ.ም. የገዙት ላንድ ሮቨር ነው፤ ይኸውም ከኋላው ክፍት የጭነት ሳጥን ያለው፥ ፒክ አፕ የሚባለው ዐይነት ነው። ላንድ ሮቨር መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ከጦርነቱ የተነሣ ብረት እንደ ልብ የማይገኝ ስለ ነበረ፥ ሠሪዎቹ የመኪናውን አካል አብዛኛውን ከአሉሚኒየም ሠሩት፤ አካሉን የሚሸከመውን ሻንሲ ግን ከብረት አደረጉት። ይህን ታሪክ የምናነሣው ለጌጥ አይደለም፤ የመኪናው ዋና በሽታ ከዚሁ ስለሚነሣ ነው እንጂ። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ነገር ግን ኹለቱ በተነካኩበት ስፍራ ውሃ የገባ እንደ ኾነ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየኾነ ይበላል። ሻንሲውም ውስጡ ክፍት እንደ ሳጥን ነውና፥ ጭቃና ውሃ ገብቶበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ስለዚህ ከላይ ሲያዩት ደኅና የሚመስለው መኪና ከታች የበሰበሰ ሊኾን ይችላል።

እኛ ግን ይህን ሳናውቅ ጀመርን። መኪናው 12 ዓመት ከቆመ በኋላ ወንድማችን «ላሮጌ ብረት ገዢ ይሸጥ» ባሉ ጊዜ፥ እናታችን ዝም አሉ። ጥቂት ቈይተው ግን ወደኛ ዘወር ብለው «አንተ በተወለድኽበት ሌሊት አባትኽ ሐኪም ቤት ያደረሱኝ በዚህ ነው። ዝናም ነበረ፤ በሩ አልዘጋ ብሎ እስክንደርስ ድረስ በእጄ ይዤው ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ መሸጥ የሚናገር አልተገኘም።

እኛም ለፋሲካ እናታችንን ልናስደስት ቸኰልን። ባለቤታችን የቤቱን ጣራ ቆርቆሮ ለመለወጥ ብለው ካስቀመጡት ገንዘብ ላይ ሳንነግራቸው ወስደን ለቀለም ቀቢ ሰጠን። መኪናው አረንጓዴ ኾኖ አበራ፤ ጎረቤትም አመሰገነን። ከበዓሉ በኋላ ትንሽ ነገር እንዲያጠብቅልን አንድ በያጅ ጠራን። ሰውየው ከመኪናው ሥር ገብቶ ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ሲያደርግ፥ መዶሻው እንደ ሸክላ ሰብሮት ገባ። ወጥቶም እጁን እየጠረገ «ጌታዬ፥ ቀለሙን የቀቡት ለሬሳ ነው» አለን። አካሉ ኹሉ ተፈቶ ሊነሣ ግድ ኾነ፤ አዲሱም ቀለም ተላልጦ ከንቱ ቀረ።

ክረምት ገባና ጣራው አፈሰሰ። ባለቤታችን ገንዘቡን ቢፈልጉ ጐደለባቸው፤ እኛም እውነቱን ተናገርን። «የከፋኝ የገንዘቡ ነገር አይደለም፤ የእናትዎ ነገር የኔም ነገር መኾኑን አለማመንዎ ነው። ቢነግሩኝ ኖሮ እኔ ራሴ እሰጥዎ ነበር» አሉን። የምንመልሰው ቃል አጣን። በማግሥቱ አንድ ደብተር አምጥተው «አስቀድሞ ጣራው ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ከሚተርፈው ለመኪናው ይኾናል፤ በዚህ ላይ ያልተጻፈ አንዲት ቡሎን እንኳ አይገዛም» ብለው ወሰኑ። በርግጥ ሥራው የተቃናው ከዚያች ቀን ወዲህ ነው። ባለሙያ መቅጠሪያ ገንዘብ ስላልተረፈን፥ ከብየዳው በቀር ያለውን ኹሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ16 ዓመት ልጃችን ጋራ በእጃችን ሠራን። ስልኩን ከማየት በቀር ሥራ የለውም የምንለው ልጅ፥ የሚፈታውን ዕቃ ኹሉ አስቀድሞ በዚያው ስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣና ቡሎኑን በየጣሳው ለይቶ ስሙን ይጽፍበት ነበር። እርሱ ባይኖር መልሰን የምንገጥምበትን ባላወቅን ነበር።

እንግዲህ እንደዚህ ያለ ሥራ ለሚያስብ አንባቢ ተራውን እንነግራለን።

አንደኛ፥ ሻንሲው ይመርመር፤ ቀለም የመጨረሻ ሥራ ነው። በመዶሻ ሲመቱት ጥርት ብሎ የሚጮኸው ጤነኛ ነው፤ ድምፁ የሚታፈነው ግን የተበላ ነው።

ኹለተኛ፥ ክሪክ መኪና ለማንሣት ነው እንጂ ለማቆም አይደለም። የብረት መቆሚያ ሳይደገፍ ማንም ሰው ከሥር አይግባ። አንድ ቀን መኪናችን ከክሪኩ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። በዚያች ደቂቃ ልጃችን መፍቻ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር እንጂ፥ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምንጽፍበት ልብ ባልኖረን ነበር።

ሦስተኛ፥ ለብዙ ዘመን የቆመ ሞተር በጉልበት አይነሣ። ካንዴላዎቹን አውጥቶ በየቀዳዳው ቀጭን ዘይት ማፍሰስ፥ ጥቂት ቀን መታገሥ፥ ከዚያም ማኖቬላ በሚባለው ብረት ቀስ አድርጎ በእጅ ማዞር ነው። የኛው ሞተር አራት ሲሊንደር ያለው፥ 2,286 ኩብ ሴንቲ ሜትር የኾነ የቤንዚን ሞተር ነው፤ በአምስተኛው ቀን እሺ አለ። የካንዴላ ገመድ ሲመለስ የእሳቱ ተራ 1፥ 3፥ 4፥ 2 መኾኑን አለመርሳት ነው። የቈየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ስለሚኾን ጋኑና ካርቡራቶሩ ይታጠቡ።

አራተኛ፥ ባትሪው ሲታሰር ይታሰብበት። በዚያ ዘመን በተሠራው መኪናችን ከአካሉ ጋራ የሚታሰረው አዎንታዊው ጫፍ ነው፤ በዛሬዎቹ ግን አሉታዊው ነው። እንደ ዛሬው ልማድ ያሰረ ሰው ዕቃ ያቃጥላል።

አምስተኛ፥ ሞተሩ ከመሮጡ በፊት ፍሬኑ ይሠራ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ስለሚስብ ውስጡ ይዝጋል፤ ላስቲኮቹም ይደርቃሉ። በዚህ መኪና ላይ ለአራቱም እግር ያለው የዘይት መንገድ አንድ ብቻ ነውና፥ በአንዱ ቢያፈስ አራቱም ይከዳሉ። ያሮጌ ፍሬን ሸራ አቧራ ሳንባን የሚጐዳ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በትንፋሽ አይነፋ።

ስድስተኛ፥ በተዘጋ ቤት ሞተር አይነሣ፤ ጢሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበትና ሰው ሳይታወቀው ይገድላል።

መለዋወጫውን ብዙውን ያገኘነው ከመርካቶ፥ ከሱማሌ ተራ ነው። የበሩን መዝጊያ ልጃችን ሦስት ቅዳሜ ዞሮ እዚያው አገኘው።

ሥራው አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። ሞተሩ በተነሣ ቀን እናታችንን ከፊት አስቀመጥናቸው፤ ባለቤታችንም ደብተሩን ይዘው ከአጠገባቸው ተቀመጡ፤ ልጃችን ከኋላ ከጭነቱ ሳጥን ላይ ወጣ። በሩ አዲስ መዝጊያ አለው፤ ጠቅ ብሎም ይዘጋል። እናታችን ግን ከግቢው ወጥተን እስክንመለስ ድረስ በእጃቸው ይዘውት ነበር። ምንም አልጠየቅናቸውም።

የተከበራችኹ አንባቢዎቻችን፥ በእጅ መሥራትን የሚያሳፍር አድርጎ መቍጠር ያለፈ ልማድ ነው፤ አባት ከልጁ ጋራ እጁን በዘይት ቢያቈሽሽ ክብሩ አይቀንስም። ነገር ግን ከመዶሻውና ከመፍቻው አስቀድሞ ከቤት እመቤት ጋራ መመካከር ይቅደም። እኛ ይህን የተማርነው ጣራው በሚያፈስበት ቤት ተቀምጠን ነው፤ እናንተ ግን ይህን ገጽ በማንበብ ብቻ እንድትማሩት እንመኛለን።